በወጋግራ ውስጥ የተደበቀ ዛፍ

ከእንጨት መሰንጠቂያ የወጣ ባለ አራት ማዕዘን ወጋግራ ለብዙዎቻችን የግንባታ ዕቃ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ርዝመቱን እንለካለን፣ ውፍረቱን እናያለን፣ ዋጋውን እንጠይቃለን። የአሥር ወይም የሃያ ዓመት ዛፍ በነበረበት ጊዜ ምን መልክ እንደነበረው ለመጠየቅ የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ጁዜፔ ፔኖኔ የተባለው ጣሊያናዊ ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህንኑ ጥያቄ አነሣ፤ መልሱንም በመሮ ፈለገ። አንድ ወጋግራ ወስዶ ከዓመታዊ የዕድገት ቀለበቶቹ መካከል አንዱን መረጠ። ከዚያ ቀለበት ውጭ ያለውን እንጨት ሁሉ በጥንቃቄ እየጠረበ አስወገደ። ከወጋግራው ውስጥም ቀጭን፣ ጠመም ያለ፣ ቅርንጫፎቹ በየአቅጣጫው የወጡ ለጋ ዛፍ ብቅ አለ። ፔኖኔ በወቅቱ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ ለሥራው በሰጠው ርእስም የዛፉን 22ኛ ዓመት አንሥቷል።

ውድ አንባብያን፣ ከእብነ በረድ አንበሳ የሚቀርጽ ሰው አንበሳውን የሚያመጣው ከአእምሮው ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ አንበሳ አልነበረም። በወጋግራው ውስጥ ግን ለጋው ዛፍ በእርግጥ ነበረ። ቀራጺው የፈጠረው አንዳች ቅርጽ የለም ለማለት ይቻላል፤ ያደረገው ነገር ቢኖር የተሸፈነውን መግለጥ ነው። ይህ አባባል የገጣሚ ምናብ እንዳይመስለን፤ የዕፅዋት ሥነ ሕይወት ከሚያስተምራቸው ቀላል እውነቶች አንዱ ነው። ከእንጨት የሚቀርጹ ሰዎች፣ በተለይም ዛፍን ራሱን የሥራቸው ርእስ ያደረጉ ቀራጺያን፣ ይህን እውነት ሳያውቁ መሥራት እንደማይችሉ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

ዛፍ የትናንቱን አይጥልም

አንድ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ግቢ በሚገኝ ዛፍ ላይ በደረቱ ትክክል ስሙን ቢቀርጽና ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ስሙን የት ያገኘዋል? ብዙ ሰው "ዛፉ ስላደገ ከፍ ብሎ ይገኛል" ብሎ ይመልሳል። ስሙ ግን ከነበረበት ከፍታ አንዲት ጣት እንኳ አይነሣም። የዛፍ ቁመት የሚጨምረው በግንዱና በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ በሚገኙ፣ ዘወትር በሚከፋፈሉ ሕዋሳት አማካይነት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እንጨት የሆነ ክፍል ከዚያ በኋላ ሊወፍር እንጂ ሊረዝም አይችልም።

ፔኖኔ ይህን ጉዳይ ከወጋግራው ሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በትውልድ መንደሩ በጋሬሲዮ አካባቢ በሚገኝ ደን ውስጥ ፈትኖት ነበር። የእጁን አምሳያ በብረት አሠርቶ አንድ ለጋ ግንድ ጨብጦ እንዲይዝ አድርጎ ተወው። የሥራው ርእስ ዛፉ ከዚያች ነጥብ በቀር ማደጉን እንደሚቀጥል የሚናገር ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግንዱ በብረቱ እጅ ዙሪያ እያበጠ መጣ፤ እጁም ቀስ በቀስ በእንጨቱ ውስጥ እየሰመጠ ሄደ። ወደ ላይ ግን አልተነሣም። አንድ የዕፅዋት ሳይንስ መምህር ለክፍሉ ሊያሳየው ከሚችለው ሙከራ ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ብዙ የለም።

የውፍረቱ ምሥጢር ካምቢየም በሚባለው ሕብረ ሕዋስ ላይ ነው። ካምቢየም በልጡና በእንጨቱ መካከል የሚገኝ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ስስ ንጣፍ ሲሆን ግንዱን፣ ቅርንጫፎቹንና ሥሮቹን እንደ ጓንት ይሸፍናቸዋል። ሕዋሳቱ ሲከፋፈሉ ወደ ውጭ ፍሎየምን፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ዛይለምን ያበቅላሉ። እኛ እንጨት የምንለው ይህን ዛይለም ነው። ውኃ የሚያመላልሱትና ግንዱን የሚደግፉት የዛይለም ሕዋሳት ግድግዳቸውን በሴሉሎስና በሊግኒን ካጠናከሩ በኋላ ወዲያው ይሞታሉ። ባዶ ቱቦ ሆነው ውኃ ያሳልፋሉ፤ ቆየት ሲሉም ይህን ሥራ አቁመው ዛፉን ደግፈው ይቆማሉ። ያም ሆነ ይህ ከቦታቸው አይነሡም።

ከሰው አካል ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። የልጅነት አጥንታችን ዛሬ በውስጣችን የለም። አጥንት ዘወትር እየፈረሰ የሚገነባ ሕብረ ሕዋስ ስለሆነ የአምስት ዓመት ሕፃን አፅም በአዋቂው አፅም ውስጥ ተጠቅልሎ አይገኝም። ዛፍ ግን የሠራውን አያፈርስም፤ በላዩ ላይ ይጨምርበታል እንጂ። ስለዚህ ልቡ በብስባሴ ካልተበላ በቀር ማንኛውም ሽማግሌ ዛፍ በውስጡ የራሱን ወጣትነት፣ በዚያም ውስጥ የራሱን ችግኝነት ተሸክሞ ይኖራል።

ቀለበትን በመሮ መከተል

በዚህ ረገድ አንድ የተለመደ የአመለካከት ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚቀርበው ሥዕል የግንድ አግድም ቁራጭ ስለሆነ ዓመታዊ ቀለበቶችን እንደ ክብ መስመሮች እናስባቸዋለን። በእውነቱ ግን እያንዳንዱ ቀለበት በቁመቱ እንደ ረጅም ሾጣጣ ቆብ ነው። የአንዱ ዓመት ቆብ የቀደመውን ዓመት ቆብ ከሥር እስከ ጫፍ ይሸፍነዋል፤ ከላይም ትንሽ ያልፈዋል። አንድ ዛፍ ከመሬት አጠገብ ሲቆረጥ 60 ቀለበት ቢኖረው፣ ወደ ላይ ከፍ ባልን ቁጥር ቀለበቶቹ እያነሱ ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ከፍታ ላይ ግንድ ከመኖሩ በፊት የነበሩት ዓመታት እዚያ ሊመዘገቡ አይችሉም። ስለዚህ አንዱን ቀለበት ይዞ ከታች ወደ ላይ የሚጠርብ ቀራጺ ወደ ግንዱ እምብርት እየተጠጋ ይሄዳል። በመጨረሻም ቀለበቱ ያልቅበታል። ያለቀበት ቦታ ዛፉ በዚያ ዓመት የደረሰበት ጫፍ ነው። የፔኖኔ ዛፎች ወደ ላይ የሚቀጥኑት ለውበት ሲባል አይደለም።

ሥራውን በእጅ ለመሥራት የሚያስችለው ደግሞ የእንጨቱ ጥንካሬ በአንድ ቀለበት ውስጥ እንኳ የተለያየ መሆኑ ነው። ቀዝቃዛ ክረምት ባለባቸው አገሮች የሚበቅሉ እንደ ጥድና ላርች ያሉ ባለ መርፌ ቅጠል ዛፎች በዕድገት ወቅት መጀመሪያ ላይ ግድግዳቸው የሳሳና ውስጣቸው ሰፊ የሆነ ሕዋሳት ያበቅላሉ። ወቅቱ ሲያበቃ የሚበቅሉት ደግሞ ጠባብ፣ ግድግዳቸው የወፈረና ጠቆር ያሉ ናቸው። ከዚያም ዕድገቱ ይቆማል። በሚቀጥለው ዓመት ለስላሳው እንጨት በጠንካራው ላይ በድንገት ይጀምራል። መሮ በዚህ ድንበር ላይ ሲያርፍ ከላይ ያለው ለስላሳ ክፍል ይለቃል፤ ከሥር ያለው ጠንካራ ንጣፍ ደግሞ መሮውን እንደ ወለል ይቀበለዋል። ለንደን በሚገኘው የቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1982 የተሠራው የፔኖኔ የ12 ሜትር ዛፍ የተጠረበው ከአሜሪካ ላርች ነው፤ ላርች ደግሞ ይህ የጥንካሬ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው እንጨቶች አንዱ ነው።

አስቸጋሪው ክፍል ጉጡ ነው። አናጢ ጉጥ ያለበትን ሳንቃ ይጠላል፤ መላጊያው ይይዝበታል፣ ሚስማሩ ይጎብጥበታል፣ ሳንቃውም በዚያ በኩል ይሰበራል። ጉጥ ማለት ግን በግንዱ ውፍረት የተዋጠ የቅርንጫፍ ሥር ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ እምብርት ይነሣና ግንዱ ሲወፍር እርሱም እየወፈረ ይሄዳል፤ ስለዚህ በግንዱ ውስጥ ያለው ክፍሉ ጫፉ ወደ እምብርቱ የዞረ ሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል። ቅርንጫፉ በሕይወት ሳለ የበቀለው እንጨት ከግንዱ እንጨት ጋር አንድ ወጥ ነው፤ የቅርንጫፉ ቀለበትና የግንዱ ቀለበት አንድ ንጣፍ ናቸውና። ቅርንጫፉ ከሞተ በኋላ ግን ግንዱ ደረቁን እንጨት ዝም ብሎ ይከበዋል። አሮጌ ሳንቃ ሲደርቅ አንዳንዱ ጉጥ እንደ ቡሽ ወልቆ ቀዳዳ ትቶ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ቀራጺው ግንዱን ወደ ውስጥ ሲጠርብ ጉጦቹን ይተዋቸዋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጉጥ እንደ ቅርንጫፍ ጉቶ ወጥቶ ይታያል። ቅርንጫፉም በኋለኞቹ ዓመታት ስለወፈረ፣ ትክክለኛውን ዕድሜ ለማግኘት እርሱንም እስከዚያው ቀለበት ድረስ መጥረብ ያስፈልጋል። በጥንቃቄ ለተሠራ አንድ ዛፍ ይህ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። ለአናጢ ጉድለት የሆነው ነገር እዚህ ዋነኛው የመረጃ ምንጭ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ምዕራብ አውሮፓን የመታው ከባድ ማዕበል በፈረንሳይ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት መናፈሻ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን ጣለ። ፔኖኔ ከወደቁት አንዱን ትልቅ የዝግባ ዘመድ፣ ማለትም በአውሮፓ ሴዳር የሚባለውን ዛፍ ወስዶ በጎኑ ላይ እንደ በር ያለ ክፍት አበጀለት። በክፍቱ ውስጥ ለጋው ዛፍ ቆሞ ይታያል፤ በዙሪያው ደግሞ ሽማግሌው ግንድ ከነቅርፊቱ አለ። (እዚህ ላይ ዘመድ ማለታችን በሰፊው አነጋገር ነው፤ የእኛ ዝግባ ፖዶካርፐስ የሚባል የሌላ ቤተሰብ ዛፍ ነው።) ከሥራዎቹ ሁሉ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ የሚያስረዳው ይኸኛው ይመስለኛል፤ ወጋግራው ቅርጹን ያጣ ዛፍ ስለሆነ ተመልካች ማመን ይቸግረዋል፣ እዚህ ግን አባትና ልጅ በአንድ ቅርፊት ውስጥ ይታያሉ።

ውኃው ሲወጣ

እስካሁን ያየነው እንጨት የቆየና የደረቀ፣ ስለዚህም የተረጋጋ ነው። ትኩስ እንጨት የሚቀርጽ ሰው ግን ከሌላ ኃይል ጋር ይታገላል።

ገና የተቆረጠ ግንድ የሚይዘው ውኃ የደረቁን እንጨት ክብደት ሊያህል፣ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። ውኃው በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው በሕዋሳቱ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ ነው፤ እርሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። ሁለተኛው በሕዋሱ ግድግዳ ውስጥ፣ በሴሉሎስ ክሮች መካከል የተያዘ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይህ ሁለተኛው ውኃ መውጣት ይጀምራል፤ ክሮቹም እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ክሮቹ የሚዘረጉት ባመዛኙ በግንዱ ቁመት አቅጣጫ ስለሆነ መቀራረባቸው እንጨቱን ያቀጥነዋል እንጂ አያሳጥረውም። በቁመቱ የሚቀንሰው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ መቀነሱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። በቀለበቶቹ ዙሪያ አቅጣጫ ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል፣ ማለትም ከ6 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ይህ እጥፍ ልዩነት የእንጨት ቀራጺያንን ችግር ሁሉ ይወልዳል። አንድ ሙሉ ድቡልቡል ግንድ ፈጽሞ ቢደርቅና ግማሽ ወርዱ በ4 በመቶ፣ ዙሪያው በ8 በመቶ ቢቀንስ ምን ይሆናል? ክቡ እንዳለ ለመቆየት ዙሪያው ከግማሽ ወርዱ ጋር በእኩል መጠን መቀነስ ነበረበት። ዙሪያው ግን ከሚገባው በላይ አጥሯል። 0.92ን ለ0.96 ብናካፍል 0.958 እናገኛለን፤ ከ360 ዲግሪ ውስጥ 15 ዲግሪ ያህል ጎደለ ማለት ነው። ይህ ጉድለት መታየት ስላለበት ግንዱ ከቅርፊቱ እስከ እምብርቱ እንደ ሽብልቅ ይሰነጠቃል። በተለመደ አየር ደረቅ ብቻ ለሆነ እንጨት ስንጥቁ የዚህን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው፤ ግን መሰንጠቁ አይቀርም። የደረቀ የማገዶ ግንድ ጫፍ ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

የእኛ አገር ሙቀጫ ፈልፋዮች ይህን ስሌት በወረቀት ሳይጽፉት ሲሠሩበት ኖረዋል። ግንዱ ትኩስ ሳለ፣ ለመሮ ለስላሳ በሆነበት ጊዜ ይፈለፍሉታል። እምብርቱ ሲወጣ የቀረው ግድግዳ ወደ ውስጥ ለመሰብሰብ ቦታ ያገኛል፤ ስስ ስለሆነም ከውስጥና ከውጭ ተመጣጥኖ ይደርቃል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው የጅማ በርጩማም ቢሆን ያለ ሙጫና ያለ ሚስማር ጸንቶ የሚኖረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የተገጣጠመ ነገር ስለሌለው በመገጣጠሚያው ላይ የሚላቀቅ ነገር የለም።

ብሪታንያዊው ቀራጺ ዴቪድ ናሽ በተቃራኒው ስንጥቁን ከመከላከል ይልቅ የሥራው ተካፋይ አደረገው። ናሽ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ዌልስ ብላይናው ፌስቲኒዮግ በምትባል የቀድሞ የድንጋይ ማዕድን ከተማ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከትኩስ የኦክ እንጨት ሣጥን ሠርቶ እንደፈለገው እንዲደርቅ ተወው። ሣጥኑ ተጣመመ፣ ተሰነጠቀ፣ በእንጨት ችካል የተያያዙት ጎኖቹ እርስ በርስ ተሳሳቡ። በሌሎች ሥራዎቹ አንድን ግንድ በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች በስስ በስሱ ይቆርጠውና በመካከሉ ሳይለያይ ያቆመዋል። ስሶቹ ንጣፎች ሲደርቁ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አቅጣጫ ይጎብጣሉ። ቅርጹን ግማሹን መጋዙ፣ ግማሹን የውኃው መውጣት ሠራው ማለት ይቻላል።

ከሥራዎቹ ይበልጥ የሚታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 የጠረበው የኦክ እንጨት "አለት" ነው። ክብደቱ 400 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ወደ መሥሪያ ቦታው ለማጓጓዝ በአቅራቢያው ባለ ጅረት ላይ ሲያንከባልለው ተቀረቀረ። ናሽም ከማውጣት ይልቅ እዚያው ሊተወው ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት ጉዞውን በፎቶግራፍ ተከታተለ። እንጨት ይንሳፈፋል ብሎ የተማረ ሰው ይህ ግዙፍ እንጨት ለምን ዓመታት ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ እንደቆየ ሊጠይቅ ይችላል። የሁሉም እንጨት ሕዋስ ግድግዳ ከውኃ ይከብዳል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.5 ግራም ያህል ይመዝናል። እንጨትን የሚያንሳፍፈው በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው አየር ነው። በትኩስ ኦክ ውስጥ ግን ያንን ቦታ ውኃ ስለያዘው ክብደቱ ከጅረቱ ውኃ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ "አለቱ" የሚንቀሳቀሰው ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ወደ ድዊሪድ ወንዝ፣ ከዚያም የባሕር ውኃ ወደሚገባበት የወንዙ አፍ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከዓይን ጠፋ፤ በ2013 እንደገና ታየ፤ በኋላም ዳግመኛ ተሰወረ።

ናሽ በሕይወት ያለ ዛፍም ቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1977 22 የአሽ ችግኞችን በክብ ተክሎ፣ እየገረዘና እያጎበጠ ጉልላት እንዲመስሉ አሳደጋቸው። ይህ ሥራ ዛሬ በአደጋ ላይ ነው። በአውሮፓ የአሽ ዛፎችን ያጠቃ አንድ የፈንገስ በሽታ እነዚህንም ያዛቸው፤ ቀራጺውም በዙሪያቸው የኦክ ችግኞችን ተከለ።

የእኛ ዛፎች ምን ይመዘግባሉ?

ፔኖኔ የሠራውን በኢትዮጵያ ዛፍ መሥራት ይቻላል? ጥያቄው የሥነ ጥበብ ቢመስልም በውስጡ ከባድ የሳይንስ ጉዳይ አለ። በአውሮፓ ዕድገትን የሚያቆመው ብርዱ ነው፤ ብርድ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይቀር ይመጣል። በእኛ አገር ዕድገትን የሚያቆመው ድርቀት ነው። ዝናብ በአንድ ወቅት ብቻ በሚዘንብበት አካባቢ ጽድ በዓመት አንድ ቀለበት ሊሠራ ይችላል። በልግና ክረምት ተለይተው በሚዘንቡበት አካባቢ ግን በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ፣ በደረቅ ዓመት ደግሞ ምንም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የጽድን ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜውን መናገር የሚያሳስት ሥራ ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። የጽድ ግንድ ብዙ ጊዜ ሙሉ ክብ ሳይሆን ጎድጓዳና ጎበጥ ያለ ቅርጽ አለው። ግንዱ በአንድ ጎን ሲያድግ በሌላው ጎን ዕድገቱ ስለሚቆም በሰፊው ጎን ተለይተው የሚታዩ ሁለት ቀለበቶች በጠባቡ ጎን ተዋሕደው ይጠፋሉ። አንዱን ቀለበት ይዞ በግንዱ ዙሪያ የሚጠርብ ቀራጺ እዚህ ቦታ ሲደርስ መንገዱ ይጠፋዋል። የዛፍ ቀለበት ተመራማሪዎችም ከዚሁ ችግር ጋር ስለሚታገሉ ከአንድ ዛፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ናሙና መውሰድ አይበቃቸውም። ዝግባ ደግሞ የቀለበቱ ድንበር ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነው።

ይሁንና ሥራው ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ አስቴር ገብረኪርስቶስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት በስምጥ ሸለቆ የሚበቅሉ የግራር ዝርያዎች ቀለበት ከዝናብ መጠን ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይተዋል። ከጽድ ቀለበት የዓባይን የቀደመ ፍሰት ለማንበብ የሞከሩ ጥናቶችም አሉ። የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ከመተከሉ በፊት የነበሩትን የድርቅ ዓመታት ለማወቅ ለሚፈልግ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መዝገቡ ያለው ግን በቆሙ ሽማግሌ ዛፎች ውስጥ ነው፤ እነርሱም በአብዛኛው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያና በሌሎች በባህል በተጠበቁ ደኖች ነው።

የኮንሶ ሁለት ዓይነት ግንዶች

ከእነዚህ ደኖች መካከል አንዱ ዓይነት በኮንሶ ይገኛል። ፖቃላ የሚባሉት የጎሣ መሪዎች የሚጠብቋቸው የጽድ ደኖች ለዘመናት ሳይመነጠሩ ቆይተዋል። የኮንሶ ሕዝብ ዋካ የሚባለውን የመታሰቢያ ሐውልት የሚያቆመው ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ ለገደለ ጀግና፣ ወይም በማኅበረሰቡ ለተከበረ ሰው ነው። ሐውልቶቹ በቡድን ይቆማሉ፤ ጀግናው በመካከል፣ ሚስቶቹ በአጠገቡ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ደግሞ በየተራ ይሰለፋሉ።

ዋካ ሲቀረጽ ቀራጺው ከግንዱ ድቡልቡል ቅርጽ ብዙም አይርቅም። እጆች ወደ ጎን አይዘረጉም፤ ፊቱ፣ አንገቱና አካሉ በግንዱ ቁመት ውስጥ ይቀራሉ። ይህ የአሠራር ልማድ ብቻ ይመስላል፤ ከእንጨቱ ጠባይ አንጻር ግን ትክክል ነው። በጭረቱ አግድም የወጣ እጅ ቢቀረጽ ጽድ በቀላሉ በቁመቱ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ብዙ ሳይቆይ ይወድቅ ነበር። የጽድ ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ሽታው የሚያውድ ዘይት አለው፤ ምስጥና ፈንገስ በቀላሉ አይደፍሩትም። በሜዳ ላይ ለሚቆም ሐውልት ከዚህ የተሻለ እንጨት በአካባቢው ማግኘት ያስቸግራል።

ምስጥ ባይደፍረው ግን ፀሐይ ይደፍረዋል። የፀሐይ ጨረር በእንጨቱ ገጽ ላይ ያለውን ሊግኒን ይሰባብራል፤ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ግራጫ ሴሉሎስ ነው። በሜዳ ላይ የቆመ ባለ መርፌ ቅጠል ዛፍ እንጨት በመቶ ዓመት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ገጹን እንደሚያጣ ይገመታል። ለወጋግራ ይህ ምንም አይደለም። ለከንፈርና ለዐይን ሽፋን ግን ብዙ ነው።

ከፀሐይ የባሰው ሌባ ነው። ብዙ ዋካዎች ከቆሙበት ተነቅለው ለጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ተሸጠዋል። ከተያዙትና ከተሰበሰቡት የተወሰኑት ዛሬ በካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ይገኛሉ። ከጣሪያ በታች የገባ ሐውልት ከፀሐይም ከሌባም ይድናል፤ ከመቃብሩና ከአጠገቡ ከነበሩት ግን ይለያል። እኔ የቆመበት ቦታ ሊጠበቅ የሚችል ሐውልት ሁሉ እዚያው ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ጠባቂ የሌለው ግን በሙዚየም ቢገባ ይሻላል።

በኮንሶ ሌላ ዓይነት የቆመ ግንድም አለ። የዕድሜ እርከኑ ሥልጣን ሲረከብ በመንደሩ አደባባይ፣ በሞራው ላይ፣ ኦላሂታ የሚባል የትውልድ ምሰሶ ይተከላል። በብዙ መንደሮች ይህ የሚሆነው በ18 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። አዲሱ ምሰሶ ከቀደሙት ጋር ተጠግቶ ይቆማል፤ አሮጌዎቹም አይነሡም። ምሰሶዎቹን ቆጥሮ በ18 ያባዛ ሰው መንደሩ ቢያንስ ምን ያህል ዘመን እንዳለው ይገምታል። አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተጨመረ፣ አሮጌው ከቦታው ሳይነሣ፤ የካምቢየም ሥራ በሰዎች እጅ ተደገመ ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለኝም።

ሁለቱን መዝገቦች አነጻጽሮ ማንበብ ይቻል ይሆን? በዋካ ረገድ አንድ መሰናክል አለ፤ ቀራጺው ውጫዊውን እንጨት ስለሚጠርበው የመጨረሻዎቹ ቀለበቶች ጠፍተዋል። የቀሩት ቀለበቶች ዘመናቸው ቢታወቅ እንኳ የሚነግሩን ዛፉ ከዚያ ዓመት በፊት አለመቆረጡን ብቻ ነው። ኦላሂታ ግን ባመዛኙ ያልተቀረጸ ግንድ ነው። ውጫዊ ቀለበቱ በፀሐይና በዝናብ ካልተበላ፣ ዛፉ የተቆረጠበትን ጊዜ በውስጡ ይዟል። በአንድ ሞራ ላይ ተራርቀው የተተከሉ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ስንት የትውልድ ርክክብ እንዳለፈ ማኅበረሰቡ ያውቀዋል። ስለዚህ በምሰሶዎቹ ውጫዊ ቀለበቶች መካከል ስንት ዓመት ሊኖር እንደሚገባ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል፤ ያ አካባቢ ደግሞ በልግና መኸር ተለይተው የሚዘንቡበት ስለሆነ ጽዱ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀለበት ይሠራ እንደሆነ ከስሌቱ ይታወቃል። ለዚህ ግን ምሰሶዎቹን መብሳት አይፈቀድም፤ አይገባምም። ገጻቸውን ሳይነኩ በኤክስሬይ የሚያነቡ መሣሪያዎች ወይም በራሳቸው ጊዜ ከወደቁ ምሰሶዎች የሚገኝ ቁራጭ፣ የባለቤቶቹ ፈቃድም ያስፈልጋል።